አፕል መቼ ይቆረጥ፣ እንዴት ይቀዝቅዝ፣ መቼ ይብሰል፦ ለደጋ አምራቾችና ለሀዋሳ ነጋዴዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ሀዋሳ ገበያ ላይ የደጋው አፕል ስሙ የተበላሸ ነው። ከሲዳማ ደጋ፣ ከሀገረ ሰላም የወረደው «ይኮመጥጣል፣ ሳይሰነብት ይጨማደዳል» ይባላል፤ በሶዶ በኩል ዞሮ የሚመጣው የጨንቻ አፕልም ከዚህ ወቀሳ አያመልጥም። ገዢው ዋጋው ወደድ ቢልም ከውጭ የገባውን አንጸባራቂ አፕል ያነሳል። ወቀሳው ሁሉ ዛፉና አፈሩ ላይ መውደቁ ያሳዝነኛል፤ ሁለቱም ጥፋት የለባቸውምና። 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚበቅል ፍሬ ጥሩ አፕል ለመሆን የሚያስፈልገው ብርድም ፀሐይም አለው። ጉዳቱ የሚደርሰው ፍሬው በሚቆረጥበት ቀንና ከተቆረጠ በኋላ በሙቀት ውስጥ በሚውልባቸው ሰዓታት ነው።

ይህ መመሪያ ደጋ ላይ ለሚያለማ፣ ሀዋሳ ላይ ለሚያከፋፍልና ለሚሸጥ ነው። ካርቶን ሙሉ ገዝቶ ቤቱ የሚያስቀምጥ ሰውም ከማከማቻው ክፍል ጀምሮ ቢያነብ ይጠቀማል።

ፍሬው ውስጥ ምን ይሆናል?

አፕል ከዛፍ ከወረደ በኋላም ሕይወት አለው። ኦክስጅን ይስባል፣ ያጠራቀመውን ስኳርና አሲድ ቀስ በቀስ ያቃጥላል፣ ሙቀት፣ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ትንፋሹ በፈጠነ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል። ብርቱካንና ሎሚ ከተቆረጡ በኋላ አይበስሉም፤ አፕል ግን እንደ ሙዝ፣ ማንጎና አቮካዶ ከዛፍ ተለይቶም መብሰሉን ይቀጥላል። ይህን የሚቀሰቅሰው ፍሬው ራሱ የሚያመነጨው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ነው። የበሰለ አፕል ይህን ጋዝ እንደሚያወጣ እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሪቻርድ ጌን እ.ኤ.አ. በ1934 አረጋግጧል። አንድ ፍሬ ጋዙን ማውጣት ከጀመረ ራሱን ይበልጥ ያጣድፋል፣ አጠገቡ ያሉትንም ያስከትላል።

ስለዚህ «ደርሷል» ስንልና «በስሏል» ስንል ሁለት የተለያዩ ጊዜያትን ነው። የደረሰ ፍሬ ከዛፍ ቢለይም በራሱ አቅም መጣፈጥ፣ መዓዛ ማውጣትና መለስለስ የሚችል ነው። የበሰለው ይህን ሁሉ ጨርሶ ለመበላት የተዘጋጀው ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ የአምራቹና የነጋዴው ሀብት ሲሆን፣ ቀዝቃዛ ማከማቻ የሚያረዝመውም እሱን ብቻ ነው።

ስታርቹንም፣ ማለትም ድንችና ዱቄት ውስጥ በብዛት ያለውን ንጥረ ነገር፣ ማወቅ ያስፈልጋል። ፍሬው ዛፉ ላይ እያለ ከቅጠል የሚመጣለትን ስኳር ወደ ስታርች ለውጦ ያከማቻል፤ ሲደርስ ስታርቹን መልሶ ስኳር ያደርገዋል። ያለጊዜው የተቆረጠ አፕል በቂ ስታርች ሳያጠራቅም ስለተለየ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ወራት ቢቀመጥ እንኳ ያላስገባውን ጣፋጭነት ከየትም አያመጣም። «እዚያው ይበስላል» ብሎ ጥሬ መቁረጥ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ቅዝቃዜ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ትንፋሹን ያዘገያል፣ ኤቲሊኑን ያፍናል። ሁለተኛውን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። እንደ ግራኒ ስሚዝ ያሉ ዘግይተው የሚደርሱ ዝርያዎች ገና እንደተቆረጡ ሙቀት ውስጥ ቢቀመጡ ኤቲሊን ለማውጣት ብዙ ጊዜ ይፈጅባቸዋል፤ አንዱ ፍሬ ሲበስል ሌላው ጥሬ ይሆናል። የተወሰኑ ሳምንታት በ0 ዲግሪ አካባቢ ከቆዩ በኋላ ወደ ሙቀት ሲወጡ ግን ፈጥነውና አንድ ላይ ይበስላሉ። ብርዱ ጋዙን የሚሠራውን ኃይል ውስጥ ውስጡን ያዘጋጃል ማለት ነው። ፍሬው ቀደም ብሎ በተቆረጠ ቁጥር የሚያስፈልገው የብርድ ጊዜ ይረዝማል፤ ዘግይቶ በተቆረጠ ቁጥር ያጥራል። እንደ አና ያለው ፈጣን ዝርያ በበኩሉ ያለ ምንም ብርድ ይበስላል፤ ለእሱ ማቀዝቀዣ ማዘግያ ብቻ ነው። የትኛው ዝርያ እጃችሁ ላይ እንዳለ ሳታውቁ የማከማቻ ዕቅድ ማውጣት የማይቻለው በዚህ የተነሳ ነው።

ደረጃ 1፦ አበባው የፈካበትን ሳምንት ምልክት አድርጉ

አፕል ከአበባ እስከ ለቀማ የሚፈጅበት ጊዜ እንደ ዝርያው ይለያያል። ጋላ ከ110 እስከ 120 ቀን፣ ጎልደን ዴሊሽየስ ከ140 እስከ 150፣ ግራኒ ስሚዝ ከ170 እስከ 190 ቀን አካባቢ ይወስዳሉ። ቁጥሮቹ የተወሰዱት ክረምታቸው ውርጭና በረዶ ከሆነባቸው አገሮች ስለሆነ ለእኛ ደጋ መነሻ እንጂ ሕግ አይደሉም። በእኛ አገር የተስፋፉት አናና ዶርሴት ጎልደን ብዙ ብርድ የማይጠይቁ ዝርያዎች ናቸው፤ አና የተገኘችው እስራኤል ውስጥ፣ ዶርሴት ጎልደን ደግሞ ባሃማስ ውስጥ ነው። ሁለቱም ቶሎ ይደርሳሉ።

የእኛ ደጋ አንድ የራሱ ችግር አለው። ዛፉን በአንድ ጊዜ የሚያስተኛ፣ በአንድ ጊዜም የሚቀሰቅስ ጠንካራ የብርድ ወቅት የለም። ገበሬው ቅጠሉን በእጁ አራግፎ ዛፉን እንዲያብብ ያስገድደዋል፤ ያም ሆኖ አበባው ለሳምንታት ተንጠባጥቦ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ዛፍ ላይ የአንድ ወር ዕድሜ ልዩነት ያላቸው ፍሬዎች ጎን ለጎን ሊንጠለጠሉ ይችላሉ። ዛፉን በአንድ ቀን ጠርጎ የሚለቅም ሰው ጥሬውን፣ የደረሰውንና ያለፈበትን ቀላቅሎ አንድ ሳጥን ውስጥ ከተተ ማለት ነው። ለሀዋሳው ሐሜት ትልቁ መነሻ ይህ ይመስለኛል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ባለቀለም ክር። በመጀመሪያው ሳምንት የፈኩትን ቅርንጫፎች በቀይ፣ በሁለተኛው ሳምንት የፈኩትን በቢጫ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን በሰማያዊ ክር እሰሩ። ቀኑን ደብተር ላይ ጻፉ። ሁሉንም ዛፍ ማሰር አያስፈልግም፤ ከየዝርያው ጥቂት ዛፎች ይበቃሉ። ለቀማው ሲደርስ በየክሩ ተራ ሦስት ወይም አራት ጊዜ እየተመለሳችሁ ትቆርጣላችሁ።

ደረጃ 2፦ በዓይን እዩ፣ ቀይ ቀለም ግን አያታልላችሁ

የአፕል ቅላት የሚመጣው ከፀሐይና ከሌሊት ብርድ ነው። የደጋ ፀሐይ ኃይለኛ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፍሬው ሳይደርስ ሊቀላ ይችላል። መታየት ያለበት ከቅላቱ ሥር ያለው መደብ ነው፤ ጥላ በዋለበት ጎኑና ዘንጉ በተተከለበት ጎድጓዳ አካባቢ ያለው ቀለም። ያ ቀለም ከድፍን አረንጓዴ ወደ ነጣ ያለ አረንጓዴ ሲለወጥ ፍሬው እየደረሰ ነው። ወደ ቢጫ ካዘነበለ ለረጅም ማከማቻ ረፍዷል። ግራኒ ስሚዝ አረንጓዴ ሆኖ ስለሚቀር ይህ ምልክት ለእሱ ብዙም አይረዳም።

የዘሩ መጥቆርም ይጠቁማል። ዘሩ ነጭ ከሆነ አትቁረጡ። ቡናማ ከሆነ ግን ሌሎቹን ፈተናዎች ቀጥሉ፤ በአንዳንድ ዝርያዎች ዘሩ ፍሬው ከመድረሱ ብዙ ቀደም ብሎ ስለሚጠቁር እሱን ብቻ ማመን አይበቃም።

ደረጃ 3፦ የአዮዲን ፈተና

ከሁሉም ፈተና በጥቂት ወጪ ብዙ የሚነግራችሁ ይህ ነው። አዮዲን ስታርች ሲነካ ይጠቁራል፤ ስታርች በሌለበት አይጠቁርም። ስለዚህ የተቆረጠ አፕል ላይ ስትቀቡት ምን ያህሉ ስታርች ወደ ስኳር እንደተለወጠ ገጹ ላይ ታዩታላችሁ።

መደበኛው ፈሳሽ 8.8 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ በጥቂት ለብ ያለ ውሃ ሟሙቶ፣ 2.2 ግራም የአዮዲን ክሪስታል ተጨምሮበት፣ በውሃ 1 ሊትር እስኪሞላ ድረስ ቀጥኖ ይዘጋጃል። ኬሚካሉን ማግኘት ለማይችል ሰው ፋርማሲ የሚሸጠው ቁስል ማጽጃ ፖቪዶን አዮዲን በውሃ ቀጥኖ መንገዱን ያሳያል። ጓንት አድርጉ፣ ልብስ ስለሚያበላሽ ሽርጥ ልበሱ፣ ፈሳሹን ከብርሃንና ከልጆች አርቁ።

ፈተናውን ይደርሳል ብላችሁ ከምትጠብቁት ቀን ሦስት ወይም አራት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። አንድ ዓይነት ክር ካላቸው የተለያዩ ዛፎች 10 ፍሬ ያህል ውሰዱ፤ መጠናቸው መካከለኛ፣ ትል ያልነካቸው፣ ያልተጎዱ ይሁኑ። የተጎዳ ፍሬ ከሌሎቹ ቀድሞ ስለሚበስል የተሳሳተ መልስ ይሰጣችኋል። እያንዳንዱን በወገቡ ላይ፣ ማለትም ዘንጉ ወደ ላይ እንደሆነ አግድም ለሁለት ቁረጡት። የተቆረጠውን ገጽ ፈሳሹ ውስጥ ንከሩት ወይም በብሩሽ ቀቡት፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቃችሁ እዩት።

ስታርቹ መጥፋት የሚጀምረው ከመሐል፣ ከዘሩ ቤት አካባቢ ነው፤ ከዚያ ወደ ልጣጩ ይሄዳል። ገጹ በሙሉ ከጠቆረ ፍሬው ጥሬ ነው። መሐሉ ነጥቶ ዙሪያው ከጠቆረ ደርሷል። ከልጣጩ ሥር ቀጭን ጥቁር ክብ ብቻ ከቀረ በዚያው ሳምንት መሸጥና መበላት ያለበት ነው። በስፋት የሚሠራበት ሰንጠረዥ ይህን ከ1 እስከ 8 ይከፍለዋል፤ 1 ሙሉ በሙሉ ጥቁር፣ 8 ሙሉ በሙሉ ነጭ። ብዙ ዝርያዎች ለወራት ማከማቻ ከ3 እስከ 4 ባለው፣ ለጥቂት ሳምንታት 5 አካባቢ፣ ለቀጥታ ሽያጭ ከ6 በላይ ሲሆኑ ይቆረጣሉ። የየዝርያው ጠባይ ስለሚለያይ የራሳችሁን ውጤት በስልካችሁ ፎቶ እያነሳችሁ ከዓመት ወደ ዓመት አስቀምጡ። ከሁለት ዙር በኋላ ከማንም ሰንጠረዥ ይልቅ የእናንተ ፎቶዎች ይበልጣሉ።

ፈተናውን በየሳምንቱ፣ መሐሉ መንጣት ሲጀምር ደግሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ ድገሙት። አዮዲን የነካውን ፍሬ ሰውም ከብትም አይብላው፤ ቅበሩት።

ደረጃ 4፦ ጥንካሬና ጣዕም

መሣሪያ ያለው ማኅበር ጥንካሬን በመለኪያ ይፈትሻል። ልጣጩ በትንሹ ተነስቶ 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ዘንግ ወደ ፍሬው ይገፋል። ለረጅም ማከማቻ የሚሆን ፍሬ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ግራም ኃይል ይቋቋማል፤ ወደ 5 ኪሎ የወረደ አፕል ደንበኛው «ለስልሷል» ይለዋል። ስኳሩ በሪፍራክቶሜትር (የጭማቂ ስኳር መለኪያ) ሲለካ 12 ብሪክስ (የስኳር መለኪያ አሃድ) እና ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው።

መሣሪያ የሌለው ሰው ጥርሱንና ምላሱን ይጠቀም። ጥሬው ሲነከስ ምላስን የሚያደርቅ፣ የጥሬ ድንች ዓይነት ዱቄታም ጣዕም አለው፤ ያ ስታርቹ ነው። የደረሰው ጠንካራና ኮምጣጣ ቢሆንም ያ ጣዕም ጠፍቶለት ከኋላ ጣፋጭነት ይሰማል። የአፍ ፈተና ከአዮዲኑ ጋር ሲጣመር አስተማማኝ ነው፤ ብቻውን ግን እንደ ቀማሹ ይለዋወጣል።

ደረጃ 5፦ የሽያጭ ቀኑን ወስናችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ይቆርጣል፣ ከዚያ ገበያ ይፈልጋል። አፕል ላይ ይህ ተገልብጦ መሠራት አለበት። የሚሸጥበት ሳምንት ይታወቅ፤ የሚቆረጥበት የብስለት ደረጃ ከዚያ ይመጣል።

ነገ ሀዋሳ ደርሶ በሳምንቱ የሚያልቅ ከሆነ፣ ዛፉ ላይ እስኪጣፍጥ ተዉት። ይህ ከውጭ የሚመጣው አፕል ፈጽሞ ሊወዳደረው የማይችል ነገር ነው፤ ከውጭ የሚመጣው ለረጅም ጉዞ ሲባል ጠንካራ ሳለ የተቆረጠ ነውና። የሀገረ ሰላም ገበሬ በግማሽ ቀን ገበያ መድረስ እየቻለ ሦስት ሳምንት ቀድሞ መቁረጡ ያለውን ብልጫ በገዛ እጁ መጣል ነው። ሌባና ወፍ እንደሚያጣድፉት አውቃለሁ፤ ጎረቤት ለጎረቤት ተራ ጥበቃ መደራጀት ግን ጥሬ ሸጦ ስም ከማጥፋት ያዋጣል።

ለሁለት ወይም ለሦስት ወር የሚቀመጥ ከሆነ ቀደም ብሎ ይቆረጥ፣ በዚያው ቀን ወደ ብርድ ይግባ። በ0 እና 1 ዲግሪ መካከል ጋላ ከ2 እስከ 3 ወር፣ ጎልደን ዴሊሽየስና ሬድ ዴሊሽየስ ከ3 እስከ 4፣ ግራኒ ስሚዝ ከዚያም በላይ ይቆያሉ። አናና ዶርሴት ጎልደንን ለወራት ለማቆየት አትሞክሩ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚሸጡ ናቸው። ውጭ አገር አፕል ዓመት ሙሉ የሚቆየው ኦክስጅኑ ወደ 1 ወይም 2 በመቶ በተቀነሰበት ዝግ ክፍል ውስጥ ነው። ተራ ማቀዝቀዣ ያን አይሠራም።

ደረጃ 6፦ አቆራረጥ

ጠዋት፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ቁረጡ። ፍሬውን በመዳፍ ይዛችሁ ወደ ላይ አንስታችሁ በትንሹ ጠምዝዙት፤ የደረሰ ከሆነ ዘንጉን ይዞ በቀላሉ ይለቃል። ወደ ታች አትጎትቱ። ዘንጉ ተነቅሎ ከቀረ ቀዳዳው የሻጋታ በር ይሆናል፤ ፍሬው የተቀመጠባት አጭር ቡቃያ ከተሰበረች ደግሞ የሚመጣው ዓመት ፍሬ አብሮ ተቆረጠ።

ጥፍር ይቆረጥ። ፍሬው አይወርወር፣ አይጣል። የአፕል ምት ወዲያው አይታይም፤ በማግስቱ ሀዋሳ ላይ ነው ቡናማ ሆኖ ብቅ የሚለው። በማዳበሪያ ከረጢት መጫን ቢቀር ደስ ይለኛል፤ ከላይ ያለው የታችኛውን ይደፈጥጠዋል፣ የመሐሉ ሙቀት መውጫ ያጣል። ጎኑ ክፍት የሆነ የፕላስቲክ ሳጥን፣ ከሥሩ ጋዜጣ ተነጥፎ፣ ከሦስት ድርብ ያልበለጠ ፍሬ ይያዝበት።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት

ከማሳ የወጣ አፕል የፀሐይ ሙቀት ይዞ ነው የሚወጣው። 21 ዲግሪ ላይ የዋለ አንድ ቀን ከማከማቻ ዕድሜው ወደ አሥር ቀን ይወስዳል የሚል የቆየ የዘርፉ ስሌት አለ፤ 4 ዲግሪ እንኳ ከ0 ዲግሪ ጋር ሲነጻጸር መብሰሉን እጥፍ ያህል ያፋጥነዋል። ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የቀኑ ሙቀት ለአፕል ማብሰያ እንጂ ማቆያ አይደለም።

እዚህ ላይ ደጋው ራሱ ነፃ ማቀዝቀዣ ነው። የተቆረጠውን ከዛፍ ሥር በጥላ አቆዩት፤ ሲመሽ ጣሪያ ባለው፣ ጎኑ ክፍት በሆነ ዳስ ውስጥ ሳጥኖቹን አራርቃችሁ ደርድሩ። የሌሊቱ ብርድ ሙቀቱን ያወጣዋል። ጎሕ ሳይቀድ ጭናችሁ በሸራ ሸፍናችሁ ውረዱ፤ ሸራው ፍሬውን ሳይነካ ከላይ ይወጠር። ጠዋት ሀዋሳ የደረሰ ቀዝቃዛ ፍሬና ቀን ሙሉ በአይሱዙ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ፍሬ ከአንድ ዛፍ ቢወርዱም በሳምንቱ አይመሳሰሉም።

በየቀኑ የምትሸጡት ጥቂት ከሆነ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታውርዱ። ቀሪው ሀገረ ሰላም ላይ በጥላ ይደር፤ የሚሸጠው ብቻ ይምጣ።

ደረጃ 8፦ ማከማቻ

አፕል ከሁሉም በላይ የሚስማማው ከ0 እስከ 1 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከ90 እስከ 95 በመቶ የሆነ እርጥበት ነው። ወደ 2 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲወርድ ይቀዘቅዛል፣ በረዶ ይሠራል፤ ያጋጠማችሁ እንደሆነ በረዶው ቀስ ብሎ እስኪለቅ ፍሬውን በእጅ አትንኩት፣ የተነካበት ሁሉ ይጠቁራል።

ቀዝቃዛ ክፍል ያላችሁ ሳጥኖቹን ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁ፤ ከወለሉም በእንጨት ርብራብ ከፍ አድርጉ፤ በመሐል አየር ይለፍ። ክፍሉን በአንድ ቀን በሞቀ ፍሬ አትሙሉት፤ በየቀኑ ከአቅሙ አንድ አሥረኛ ገደማ ጨምሩ፣ አለበለዚያ ቀድሞ የገባው ይሞቃል። ወለሉን ውሃ እያርከፈከፋችሁ እርጥበቱን ጠብቁ። በር ላይ ያለውን ማሳያ ብቻ አትመኑ፤ አንድ ቴርሞሜትር በሳጥኖቹ መሐል፣ አንዱን ደግሞ ከማራገቢያው ፊት አስቀምጡ።

የሱቅ ወይም የቤት ፍሪጅ 4 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለሦስትና ለአራት ሳምንት ይበቃል። የፍሪጅ አየር ደረቅ ስለሆነ አፕሉን ትንንሽ ቀዳዳ በበዛበት ፌስታል አድርጉት። ድፍን ቋጠሮ ግን ትንፋሹን ያፍናል፣ ውሃ ያጠራቅማል፣ ያሻግታል። አፕል ከክብደቱ 5 በመቶ ያህል ውሃ ካጣ መጨማደዱ ይታያል፤ ጎልደን ዴሊሽየስ ከሌሎቹ ቀድሞ ይጨማደዳል።

መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቱ። በፍሪዘር በረዶ የሆኑ የውሃ ጠርሙሶች አስቀድሞ ማዘጋጀት ለሰዓታት ያሻግራል። መብራት ጭራሽ በሌለበት፣ ሁለት የጡብ ግድግዳ ገንብቶ በመካከላቸው አሸዋ ሞልቶ ውሃ ማጠጣት በበጋ ደረቅ አየር ሙቀቱን በተወሰኑ ዲግሪዎች ይቀንሳል። በክረምት አየሩ እርጥብ ስለሆነ ይህ ዘዴ ብዙም አይሠራም፤ በበጋም ቢሆን ቀናትን እንጂ ወራትን አይጨምርም።

ጎረቤቱንም ምረጡ። ከአፕል የሚወጣው ኤቲሊን ጎመንን ያቢጫል፣ ካሮትን ያመርራል፣ ሙዙንና አቮካዶውን ያጣድፋል። ሽንኩርት ደግሞ ሽታውን ለአፕሉ ያወርሰዋል። ከዚህም ሌላ ሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች ይጠቁራል፣ ማንጎም ብርድ ይጎዳዋል፤ ሁሉንም ፍራፍሬ አንድ ፍሪጅ ውስጥ ማጨቅ የሁሉንም ዋጋ ይጥላል።

ደረጃ 9፦ በየሁለት ሳምንቱ አውጥታችሁ ሞክሩ

ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ አፕል ችግሩን ይደብቃል። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ 10 ፍሬ አውጡና ክፍል ውስጥ 7 ቀን አስቀምጡ፤ ከዚያ ቁረጡ፣ ቅመሱ። ዛሬ የምታዩት ደንበኛችሁ በሳምንቱ ቤቱ የሚያየውን ነው።

ልጣጩ ላይ ሰፊ ቡናማ ጥላ ከወጣ፣ በተለይ ግራኒ ስሚዝና ሬድ ዴሊሽየስ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ከመቆረጡ ነው፤ ይህ ጉዳት ብርድ ውስጥ ሳይታይ ሙቀት ሲያገኝ ይወጣል። ከልጣጩ ሥር የተሰረጎዱ መራራ ነጠብጣቦች የካልሲየም እጥረት ምልክት ናቸው፤ ያለጊዜው የተቆረጠና ከልክ በላይ የተለቀ ፍሬ ላይ ይበዛሉ፣ በሚቀጥለው ዙር ፍሬው ዛፍ ላይ እያለ ካልሲየም መርጨት ይቀንሰዋል። ሥጋው መስታወት መስሎ ውሃ የቋጠረ ፍሬ ዘግይቶ የተቆረጠ ነው፤ ይጣፍጣል ግን አይቀመጥም፣ ቶሎ ሽጡት። አፍ ውስጥ ዱቄት ዱቄት የሚል ከሆነ ወይ አልፎበት ተቆርጧል፣ ወይ ሙቀት ውስጥ ሰንብቷል። ከነዚህ አንዱ መታየት ከጀመረ ቀሪውን ሳትጠብቁ አውጡ።

ደረጃ 10፦ ማውጣትና ማብሰል

በአራትና በአምስት ቀን የሚሸጠውን ያህል ብቻ አውጡ። ቀዝቃዛ ፍሬ የሀዋሳን አየር ሲያገኝ ያልበዋል፤ እየጠረጋችሁ አታሹት፣ ሳጥኑን ነፋሻ ጥላ ላይ አቆዩትና በራሱ ይድረቅ። እርጥቡን መልሶ መደራረብ ሻጋታ ይጠራል።

አናና ጋላ ከወጡ በኋላ ወዲያው ለመበላት ዝግጁ ናቸው። ብርዱን የጨረሰ ግራኒ ስሚዝ ወይም ክሪስፒን ክፍል ውስጥ ጥቂት ቀን ሲያድር ኮምጣጣነቱ ይረግባል፣ መዓዛው ይከፈታል። ብርድ ሳያይ የቀረ ጠንካራ ፍሬ ካለ ከበሰለ ሙዝ ጋር ካርቶን ውስጥ ማስቀመጥ የጎደለውን ኤቲሊን ይሰጠዋል። ይህ የሚሠራው ግን ለደረሰ ፍሬ ነው። ስታርች ላላጠራቀመው ሙዙ ልጣጩን ያቢጫል፣ ሥጋውን ያለሰልሳል፣ ጣዕም ግን አይጨምርለትም።

ለሽያጭ ያልሆነው

በለቀማ የተጎዳውንና ትንንሹን ለዩት፣ ከሚከማቸው ጋር አታስቀምጡት፤ አንድ የተጎዳ ፍሬ በኤቲሊኑም በሻጋታውም ሳጥኑን ይጎትታል። ጠንካራውና ያልበሰለው ፔክቲን (ማርማላታን የሚያረጋው ንጥረ ነገር) ስለሚበዛው ለማርማላታ ይመቻል፤ የለሰለሰውን ጨምቆ አቼቶ ማድረግ ይቻላል። የሻገተውን ግን ግማሹን ቆርጦ ጥሎ የቀረውን መጭመቅ አይገባም። አፕል ላይ የሚወጣው ሰማያዊ ሻጋታ ፓቱሊን የተባለ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙ ጤናማ ወደሚመስለው ሥጋ ይዘልቃል፣ ሲፈላም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የሻገተው ሳጥኑ ውስጥ ከተነጠፈው ጋዜጣ ጋር ወጥቶ ይቀበር፤ ሳጥኑም በበረኪና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሳይደርቅ አዲስ ፍሬ አይያዝበት።